የምን ኋላ? «ኋላ»ን በእንግሊዝኛ በትክክል ለመጥራት

«ኋላ» በእንግሊዝኛ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ራሱ ጥያቄ ነው። የምን ኋላ? የመኪና? የጀልባ? የበሬ? የብር ኖት? የሰው አንገት? ብዙዎቻችን «ባክ» የምትለዋን ቃል ይዘን ለሁሉም እንጠቀምባታለን። አልዋሽም፣ አብዛኛውን ጊዜ ታስኬዳለች። የማታስኬድበት ቦታ ላይ ግን ወይ ታስቃለች ወይ ታሳስታለች።

ደግሞ እንግሊዝኛ አበዛው ብላችሁ አትማረሩ። የእኛም እንዲሁ ነው። የቤት ኋላ ጓሮ ይባላል። የአንገት ኋላ ማጅራት ነው። የእግር ኋላ ከታች ተረከዝ፣ ከፍ ሲል ባት ነው። የእጅ ኋላ አይበሉባ ነው፣ እንዲያውም ከሁሉም ደስ የምትለኝ እሷ ናት። «የአንገቴን ኋላ አመመኝ» የሚል ሰው የለም፤ ማጅራቴን ነው የሚለው። እንግሊዝኛውም እንደዚያ ነው፣ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ኋላ አለው። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን አትሸምድዱ፣ ከባለቤቱ ጋር ያዙት። ስተርን ብላችሁ ሳይሆን የጀልባ ስተርን፣ ኔፕ ብላችሁ ሳይሆን የአንገት ኔፕ ብላችሁ።

ይህን የምጽፈው እዚህ ባሕር ዳር በየቀኑ ከእንግሊዝኛ ጋር ለሚጋፈጡ ሰዎች ነው። ለአስጎብኚዎች፣ ለጀልባ ልጆች፣ ለባጃጅ ሹፌሮች፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባዮች። ተማሪም ቢያነበው አይጎዳም። ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኳቸው አጠራራቸው አብሮ እንዲያዝ ነው።

መጀመሪያ «ባክ»ን እናጥራት

ባክ ሁለት ሥራ አላት። አንዱ የነገር ኋላ ነው፣ ሌላው መመለስ ነው። ሁለቱን የምትለየው «ዘ» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት፣ እኛ ደግሞ በአማርኛ ስለሌለችን እየዘለልናት እናልፋለን። «ጎ ባክ» ተመለስ ማለት ነው። «ጎ ቱ ዘ ባክ» ወደ ኋለኛው ክፍል ሂድ ማለት ነው። ጀልባው ሚዛኑን እንዲጠብቅ አንድ ሁለት ሰው ወደ ኋላ ይቀመጥ ብላችሁ «ጎ ባክ ፕሊስ» ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱን አጥልቆ ዘጌን ለማየት የቋመጠው እንግዳ፣ ምን አጠፋሁና ነው ተመለስ የተባልኩት ብሎ ይደነግጣል። «ኩድ ዩ ሲት አት ዘ ባክ?» በሉት፣ አለቀ።

«ስቴፕ ባክ» ሌላ ናት። ትንሽ ወደ ኋላ ራቅ በል ማለት ነው። ፎቶ ስታነሱ ትጠቅማለች፣ ግን ከሰውየው ኋላ ምን እንዳለ አይታችሁ ነው የምትሉት። ጢስ ዓባይ ገደሉ አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው «ስቴፕ ባክ» ማለት፣ ፊቱን ወደ ፏፏቴው ካዞረ ማዳን ነው፣ ጀርባውን ከሰጠ ደግሞ መግፋት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «ካም ቱዋርድስ ሚ» ማለት ይሻላል። ወደ እኔ ና፣ በቃ።

ሌላም አለ። ባጃጅ ከኋላው እየመጣበት ላለ ሰው «ዩር ባክ! ዩር ባክ!» እያልን እንጮኻለን። ሰውዬው ጀርባውን መዳሰስ ይጀምራል፤ ነፍሳት ያረፈበት ይመስለዋል። «ዎች ዩር ባክ» የሚባል አነጋገር አለ፣ ግን ትርጉሙ ጠላት አለብህ ተጠንቀቅ ወደሚለው ያደላል። ትክክለኛው አጭር ነው፤ «ቢሃይንድ ዩ!»

ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?

ከቃላቱ ሁሉ በላይ ይህቺ ክፍል ትጠቅማለች ባይ ነኝ። አማርኛው «ከኋላ» ውስጥም ውጭም ይሆናል። «ሻንጣህ ከመኪናው ኋላ ነው» ስንል ሰሚው ከሁኔታው ይረዳል። እንግሊዝኛ ግን ይለያል። ሻንጣው መኪናው ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ ከሆነ «ኢን ዘ ባክ ኦፍ ዘ ካር» ነው። መኪናው ቆሞ ሻንጣው አስፋልቱ ላይ ከተቀመጠ «ቢሃይንድ ዘ ካር» ነው። ሻንጣውን ጭናችሁለት ስታበቁ «ዩር ባግ ኢዝ ቢሃይንድ ዘ ካር» ካላችሁት በሩን ከፍቶ ቢሮጥ አትፍረዱበት።

ለአውቶቡስ፣ ለአዳራሽ፣ ለክፍልና ለሰልፍ «አት ዘ ባክ» ይሄዳል። አት ዘ ባክ ኦፍ ዘ ባስ፣ አት ዘ ባክ ኦፍ ዘ ክላስ። ሰልፍን እንግሊዞች ኪው፣ አሜሪካኖች ላይን ይሉታል እንጂ ኋላው ለሁለቱም ባክ ነው። ቤትና ሆቴል ላይ ደግሞ «አት ዘ ባክ ኦፍ ዘ ሆቴል» ካላችሁ የግቢው አካል ነው፣ መኪና ማቆሚያው ወይም አትክልቱ። «ቢሃይንድ ዘ ሆቴል» ካላችሁ ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰፈርም ሊሆን ይችላል።

አሜሪካኖች አንድ ተንኮል አላቸው። «ኢን ባክ ኦፍ ዘ ሃውስ» ይላሉ፣ ያለ «ዘ» ማለት ነው፣ ትርጉሙም ከቤቱ ኋላ፣ ውጭ። «ኢን ዘ ባክ ኦፍ ዘ ሃውስ» ደግሞ ከቤቱ ውስጥ፣ ወደ ጓዳው በኩል። አንዲት «ዘ» ሰውን ከጓዳ ወደ ጓሮ ታወጣዋለች። ስትሰሙ ልዩነቱን እወቁ፣ ስትናገሩ ግን ለውጭው ሁልጊዜ «ቢሃይንድ» በሉ፤ እንግሊዙም አሜሪካኑም ይረዳችኋል።

ቢሃይንድ ግን ማዶ አይደለም። ጎርጎራ ከባሕር ዳር ሲታይ በጣና ሰሜን ዳርቻ ነው፣ «ቢሃይንድ ዘ ሌክ» አይባልም። «አክሮስ ዘ ሌክ» ነው። ዓባይ ማዶም «አክሮስ ዘ ሪቨር» ነው። ቢሃይንድ የሚጥመው ከፊቱ የሚጋርደው ነገር ሲኖር ነው፤ ከተራራው ኋላ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከፏፏቴው ውኃ ኋላ።

ለመኪና፣ ለባጃጅ፣ ለብስክሌት

እዚህ ጋ ንጉሡ «ሪር» ነው። ሪር ማለት ኋላ ነው፣ ግን ከባክ ይልቅ ደረቅ ያለ፣ የጋራዥና የወረቀት ቋንቋ ነው። ሪር ዊል፣ ሪር ዶር፣ ሪር ዊንዶው። ባጃጅ ፊት አንድ፣ ኋላ ሁለት ጎማ አለው፤ ቱ ሪር ዊልስ። ሞተሩም ከኋላ ነው፤ ዘ ኤንጂን ኢዝ አት ዘ ሪር። ለተሳፋሪ ስትናገሩ ግን ባክ ሲት ብትሉ ይበልጥ ሰው ሰው ይሸታል። ብስክሌት ላይም ባክ ዊል እና ሪር ዊል ሁለቱም ያስኬዳሉ። የብስክሌት ከተማ ውስጥ ስለምንኖር ይህን ማወቅ አይከፋም፤ ብስክሌት የሚያከራይ ሰው «ዘ ሪር ብሬክ» ብሎ እጀታውን ማሳየት አለበት፣ ፍሬኖቹ ከአገር አገር ግራና ቀኝ ይቀያየራሉና።

ስፖኪዮ ላይ ግን ምርጫ የለም። ሹፌሩ ከፊቱ ሆኖ ኋላውን የሚያይበት «ሪር ቪው ሚረር» ነው። ባክ ቪው ሚረር የሚባል የለም። ከዚህ ጋር ተያይዞ ለሆቴል ሰዎች አንድ ምክር ልጨምር። ሐይቁን የማያይ ክፍላችሁን ማስታወቂያ ላይ «ሪር ቪው» ብላችሁ አትጻፉ። ወይ ስፖኪዮ ይመስላል፣ ወይ ሌላ ነገር። አትክልት ካለ «ጋርደን ቪው» በሉት፣ ከሌለ «ኤ ኳየት ሩም አት ዘ ባክ» በሉ። ጸጥ ያለ መሆኑ እንዲያውም ይሸጣል።

የኋላ መብራት ቴይል ላይት ነው፣ ጭራ መብራት እንደማለት። የኋላ ኮፈን፣ ሻንጣ የሚገባበት፣ እንግሊዝ አገር «ቡት»፣ አሜሪካ «ትራንክ» ነው። ቡት ጫማ ነው፣ ትራንክ የዝሆን ኩምቢ ነው፣ የዛፍ ግንድም ነው። ስለዚህ አሜሪካዊው «ፑት ኢት ኢን ዘ ትራንክ» ሲላችሁ ዛፍ አትፈልጉ። የኋላ ማርሽ «ሪቨርስ» ነው። ወደ ኋላ ንዳ ሲባል እንግሊዙ «ሪቨርስ»፣ አሜሪካኑ «ባክ አፕ» ይላል።

በእግር ጉዞ ላይ የምትጠቅም አንዲት አነጋገር ደግሞ አለች። ዘጌ ጫካ ውስጥ፣ በቡናው መሐል ቡድን ይዛችሁ ስትሄዱ አንዱ ፊት ይመራል፣ አንዱ ማንም እንዳይቀር መጨረሻ ላይ ይሄዳል። መጨረሻ የሚሄደው «አይ ዊል ብሪንግ አፕ ዘ ሪር» ይላል። እንግዳው ይህን ሲሰማ ዘና ይላል፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይዞኛል ብሎ።

ሪር ግስ ሲሆን ሌላ ነው፤ ማሳደግ፣ ማርባት። ዶሮ አረባለሁ ለማለት «አይ ሪር ቺክንስ» ትላላችሁ። ፈረስ በሁለት እግሩ ሲቆምም «ዘ ሆርስ ሪርድ» ይባላል። ከኋላ ጋር አታገናኙት።

ጀልባ ላይ

የጀልባ ቋንቋ የራሱ ነው። ፊቱ «ባው»፣ ኋላው «ስተርን»። ባው ስትጽፏት ከቀስት ጋር አንድ ናት፣ ስትጠሯት ግን ቀስቱ ቦው ነው፣ የጀልባው ባው ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ የኋላ ግድግዳ «ትራንሰም» ይባላል፤ የጀልባ ሞተር የሚጠግን ወይም ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ይህቺን ቃል ካላወቀ መመሪያውን ማንበብ ይቸግረዋል፣ ምክንያቱም የሞተሩ ዘንግ ርዝመት የሚመረጠው በትራንሰሙ ቁመት ነው።

«አፍት» አቅጣጫ ነው። ወደ ጀልባው ኋላ ማለት ነው። «ስተርን» ዕቃ ነው፣ «አፍት» መንገድ ነው። ሂ ዌንት አፍት፤ ወደ ኋላ ሄደ። «አስተርን» ደግሞ ከጀልባው ኋላ፣ ውኃው ላይ ነው። ሌላ ጀልባ ከኋላችሁ እየመጣ ከሆነ አስተርን ነው ያለው።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ጥቂት ሰዓት ለሚሄድ ቱሪስት ስተርን፣ አፍት ምናምን ማለት አያስፈልግም። «ዘ ባክ ኦፍ ዘ ቦት» ብትሉት በደንብ ይገባዋል፣ ማንም አይስቅባችሁም። የባሕር ሰው ከመጣ ግን፣ ጀልባ አለኝ የሚል ጡረተኛ እንግሊዛዊ ለምሳሌ፣ ስተርን ስትሉት ፊቱ ይበራል። ለእርሱ ያስቀምጧት። ለደንገል ታንኳም ይሠራል፤ ከደንገል ቢታሰርም ታንኳ ታንኳ ነው፣ ባውም ስተርንም አለው። አንድ ነገር ብቻ፤ ስተርን ስለ ሰው ሲነገር ኮስታራ፣ ቆፍጣና ማለት ነው። «ማይ ፋዘር ኢዝ ስተርን» ያለ ሰው አባቴ ኮስታራ ነው ማለቱ እንጂ ስለ ጀልባ አያወራም።

እንስሳ፣ ወፍና ዓሣ

ባለ አራት እግር እንስሳ የኋላ እግሩ «ሃይንድ ሌግ» ነው። አጠራሩን ልብ በሉ፤ ሂንድ አይደለም፣ ሃይንድ ነው፣ ቢሃይንድ ውስጥ እንዳለችው። ጅብ ሲሄድ የሚያዘቀዝቅ የሚመስለው የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ነው፤ «ኢትስ ሃይንድ ሌግስ አር ሾርተር» በሉ። ባክ ሌግስ ማለትም ይቻላል። ወንበር ላይ ግን ሃይንድ አይባልም። የወንበር የኋላ እግር ባክ ሌግ ብቻ ነው። ከወገብ በታች ያለው የእንስሳው ኋላ በሙሉ «ሃይንድኳርተርስ» ነው፣ ዳሌው አካባቢ «ራምፕ»። እንግሊዝ ምግብ ቤት ራምፕ ስቴክ ካያችሁ ከዚያው የተቆረጠ ነው። ሻኛ ግን ባክ አይደለም፣ «ሃምፕ» ነው። ራምፕና ሃምፕ ተቀያይረው ሜኑ ላይ ከገቡ እንግዳው የማያውቀውን ሥጋ ይበላል።

ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎች ከሌላው ቱሪስት ይለያሉ። ያለ ማጋነን፣ ስለ ወፍ ኋላ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊያወሩ ይችላሉ። ለእነሱ ባክ ብቻ ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። የአንገት ኋላ «ኔፕ» ነው። ከዚያ በታች፣ በክንፎቹ መሐል ያለው የላይኛው ጀርባ «ማንትል» ይባላል። ከጭራው ሥር ከፍ ብሎ ያለው «ራምፕ»፣ ከዚያ «ቴይል»። እኛ አገር ደጋው ላይ ያለው ያ ወፍራም ምንቃር ያለው ትልቅ ቁራ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ ብዙም የማይገኘው፣ ከጭንቅላቱ ኋላ እስከ ማጅራቱ ነጭ አለበት። «ኤ ዋይት ፓች ኦን ዘ ባክ ኦፍ ዘ ሄድ ኤንድ ዘ ኔፕ» ብላችሁ ከነገራችኋቸው መነጽራቸውን ወዴት እንደሚያነጣጥሩ ያውቃሉ። ጣና ዳር ዓሣ ሲያድን የምታዩት ያ ራሰ ነጭ ንስር ደግሞ ጭራውም ነጭ ነው፤ ኤ ሾርት ዋይት ቴይል። አይ ኋላው ነጭ ነው ካላችሁ ግን ጀርባው ይሁን ራምፑ ይሁን ጭራው አይታወቅም፣ ጥያቄ ይዘንብባችኋል።

ቴይል ከቴል ጋር አትደበላልቁ ልል ነበር፣ ግን ተረት ማለት የሆነችውም ቴይል ነው የምትጠራው። በጽሑፍ ብቻ ነው የሚለያዩት።

ዓሣ ላይ «ዶርሳል» የምትባል ቃል አለች፣ የጀርባ ማለት ናት። ዶርሳል ፊን የጀርባ ክንፍ ነው። የአምባዛ ዶርሳል ፊን ረጅም ነው፣ ጀርባውን ይዞ ወደ ጭራው ድረስ ይሄዳል፣ እሾህ የለውም። የቆሮሶው ግን እሾህ አለው። እሾሁ «ስፓይን» ነው፤ የጀርባ አጥንትም ስፓይን ነው፤ መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጡት ርዕሱ የሚታየው የመጽሐፍ ጀርባም ስፓይን ነው። አንድ ቃል ለሦስት። ዓሣ ስታቀርቡ «ቢ ኬርፉል ኦፍ ዘ ስፓይንስ» ካላችሁ ስለ እሾሁ ነው፣ ይገባቸዋል። ሳህን ላይ ላለው አጥንት ግን ቦንስ ይሻላል።

የሰው አካል፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ

ትልቁ ስህተት ወገብ ነው። «ወገቤን አመመኝ» የሚለውን ሁላችንም «ማይ ዌስት ኢዝ ሄርቲንግ» እያልን እንተረጉመዋለን። ዌስት ቀበቶ የሚታሰርበት ዙሪያ ነው፣ የልብስ ሰፊ ቃል ነው። ለፈረንጅ የሚያመው ባክ ነው። ጀርባም ወገብም ለእነሱ ባክ ነው። መለየት ካስፈለገ ወገብ «ሎወር ባክ» ነው፣ የላይኛው ጀርባ «አፐር ባክ»። ሐኪም ዘንድ «ሎወር ባክ ፔን» ካላችሁ ወዲያው ይገባዋል።

ማጅራት «ኔፕ» ነው፣ በተራ ወሬ ግን «ዘ ባክ ኦፍ ማይ ኔክ» ይበቃል። ተረከዝ «ሂል»፤ እግር ኳስ ላይ በተረከዝ ማቀበል ባክሂል የሚባለው ለዚህ ነው። አይበሉባ «ዘ ባክ ኦፍ ዘ ሃንድ»። ከዚህ የወጣች ጥሩ አነጋገር አለች፤ አንድን ቦታ አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ ለማለት «አይ ኖው ኢት ላይክ ዘ ባክ ኦፍ ማይ ሃንድ» ይላሉ። የዘጌን መንገድ የምታውቁ ልጆች ተጠቀሙባት፣ ግን በእውነት ካወቃችሁት ነው።

አሁን ወደ ባት። የእኛ ባት በእንግሊዝኛ «ካፍ» ነው። ስትጽፏት ኤል አለባት፣ ስትጠሯት የለባትም። ጥጃም ካፍ ነው፣ በፊደልም በድምፅም አንድ ናቸው። ችግሩ «ባት» ብለን የምንጠራው ድምፅ በእንግሊዝኛ ሌላ ነገር ነው፤ መቀመጫ። ተራራ ወጥታችሁ ደክሟችሁ «ማይ ባት» እያላችሁ ባታችሁን ብታሹ ሰው ግራ ይጋባል፤ አጠገባችሁ የተቀመጠው አሜሪካዊ ምን እንደሰማ አስቡት።

ስለ መቀመጫ ካነሳን፣ ጨዋው ቃል «ቦተም» ነው። ልጅ ፊትም አሮጊት ፊትም ይባላል። «ባክሳይድ»፣ «ቢሃይንድ» ቀልድ አዘል ናቸው፤ አዎ፣ ቢሃይንድ ስም ሲሆን መቀመጫ ነው። «ባት» አሜሪካ ውስጥ በጓደኛሞች መሐል የሚባል ቃል ነው። «ባም» እንግሊዞች የሚሉት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ሥራ ፈት ለማኝ ማለት ይሆናል። ሐኪም ቤት መርፌ የሚወጋበትን ስትጠሩ «ባተክስ» በሉ፣ የሕክምና ቃል ስለሆነ ማንም አያፍርበትም። የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ «ፖስቲርየር»ን ታውቃላችሁ፣ ወደ ኋላ ያለ ማለት ነው፣ ተቃራኒው «አንቲርየር»። ከክፍል ውጭ ግን ፖስቲርየር ስም ሆኖ ሲመጣ መቀመጫን በትልቅ ቃል አሽሞንሙኖ መጥራት ነውና ሰው ይስቃል።

ስልክ ላይ የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ከፍቶ ረዘም ያለውን የሚመርጥ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ዝርዝሩ ባክ፣ ሪር፣ ስተርን፣ ፖስቲርየር፣ ራምፕ፣ ሪቨርስ ብሎ ይደረድራቸዋል እንጂ የትኛው የማን እንደሆነ አይነግራችሁም። አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት ቃሉን ፈልጉና ከጎኑ ምን ስም እንደሚከተል ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አንብቡ። ራምፕ ካላችሁ በኋላ ስቴክና በሬ እየመጣ ከሆነ የመኪናችሁ ኋላ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ወረቀት፣ ብርና ብራና

የወረቀት ኋላ «ዘ ባክ» ነው፣ ፎርም ላይ ሲጻፍ «ሪቨርስ» ይሆናል። ሲ ሪቨርስ፤ ጀርባውን ይመልከቱ። ፈተና ወረቀት ግርጌ ላይ ያለችው ፒ፣ ቲ፣ ኦ «ፕሊስ ተርን ኦቨር» ናት፣ ገልብጡ ማለት ነው። ሳይገለብጥ የወጣ ተማሪ ያውቃታል።

ሳንቲምም ፊቱ «ኦብቨርስ»፣ ኋላው «ሪቨርስ» ይባላል። ብር ኖት ላይ በተራ ንግግር ባክ ይበቃል። የድሮው የ1 ብር ኖት ጀርባ ላይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነበረ፤ ወደ ፏፏቴው ስትሄዱ «ዚስ ዎተርፎል ዎዝ ኦን ዘ ባክ ኦፍ ዘ ኦልድ ዋን ብር ኖት» ብላችሁ አንዱን ኖት ከኪሳችሁ ብታወጡ የማይወድ እንግዳ የለም። «ኦን» መሆኗን ልብ በሉ። የወረቀት ኋላ ላይ ኦን እንጂ ኢን አይባልም።

የገዳማቱን ብራና የሚያሳዩ ሰዎች ሁለት ቃል ይጨምሩ። የአንድ ቅጠል ፊቱ «ሬክቶ»፣ ኋላው «ቨርሶ» ነው። ይህ የቤተ መጻሕፍትና የተመራማሪ ቃል ነው፣ ለሌላው ሰው «ዘ አዘር ሳይድ ኦፍ ዘ ሊፍ» በሉ። ቆዳ የለበሰው እንጨት ደግሞ «ቦርድ» ነው፤ የኋላው «ባክ ቦርድ»። ባክ ፔጅ የጋዜጣ ነው፣ ለብራና አይሆንም።

ኋላ የሌለው ነገር

ክብ ነገር ኋላ የለውም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆናችሁ «አት ዘ ባክ ኦፍ ዘ ቸርች» ካላችሁ እንግዳው የት ብሎ ይዞራል። ለእናንተ መግቢያው ምዕራብ ነው፣ ኋላው ምሥራቅ ነው፤ ለእርሱ ግን ክብ ነው። በአቅጣጫ ንገሩት። «ኦን ዘ ኢስት ዎል ኦፍ ዘ ሳንክቹዋሪ»፤ በመቅደሱ ምሥራቅ ግድግዳ። ካልሆነ «ኦን ዘ ፋር ሳይድ»፣ ከዚህ ሲታይ ወዲያኛው በኩል። ደሴትም እንደዚሁ ነው። የክብራን ወይም የደቅ ደሴት ኋላ አይባልም፣ «ዘ ፋር ሳይድ ኦፍ ዘ አይላንድ» ነው።

ፎቶ ላይ ደግሞ ከሰዎቹ ኋላ የሚታየው «ባክግራውንድ» ነው። «ዊዝ ዘ ሌክ ኢን ዘ ባክግራውንድ» ስለ ምስሉ፣ «ዊዝ ዘ ሌክ ቢሃይንድ ዩ» ስለ ቦታው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ጊዜና ኋላ

አማርኛችን ኋላን ለጊዜም ይጠቀምባታል፤ ከምሳ በኋላ፣ ኋላ እንገናኝ። እንግሊዝኛ ለዚህ አፍተርና ሌተር አለው፣ ቢሃይንድ አይገባም። ቢሃይንድ ስለ ጊዜ ሲሆን መዘግየት ነው። ፕሮግራሙ ከዘገየ «ዊ አር ቢሃይንድ ስኬጁል» ትላላችሁ። «ሰቨን ይርስ ባክ» ካላችሁ ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ማለት ነው።

አስጎብኚ ሁሉ የሚያወራው ያ የዘመን አቆጣጠር ወሬ ላይ ይህ ይመጣል። የእኛ አቆጣጠር ከእነሱ ከ7 እስከ 8 ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ ዓመታቸው ሲቀየር 8 ይሆናል። «አወር ካሌንደር ኢዝ ሰቨን ቱ ኤይት ይርስ ቢሃይንድ ዩርስ» በሉ። ቢሃይንድ ጥሩ ናት፣ ልዩነቱን ብቻ ትነግራለች። «ባክዋርድ» ግን አትበሉ። ባክዋርድ ኋላ ቀር ናት፣ በሁለቱም ቋንቋ ስድብ ናት። «ባክዋርድስ» በኤስ ስትጨርስ ወደ ኋላ መሄድ ብቻ ትሆናለች፤ ሂ ዎክድ ባክዋርድስ፣ የኋሊት ሄደ። እንግዳው 7 ዓመት ወጣት ሆንኩ ብሎ ከቀለደ ሳቁለት፣ ሁሉም ይላታል፣ የመጀመሪያው ሰው የሆነ ይመስለዋልና አታሳፍሩት።